ቶሎ የሚጮኽ አምፕሊፋየር ጉልበታም አይደለም

በድምፅ መሣሪያ ገበያችን ገዢውም፣ ሻጩም፣ ጠጋኙም የሚስማሙበት አንድ እምነት አለ። ማዞሪያው ገና ትንሽ ሲነካ ቤቱን የሚያናውጥ አምፕሊፋየር ጉልበታም ነው ይባላል። ማዞሪያው ግማሹን አልፎም ድምፁ ለስለስ ያለ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ደካማ ነው ተብሎ ይጣጣላል። ይህ እምነት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ጉዳትም ያደርሳል። በየሳሎኑ፣ በየአዳራሹና በየሠርግ ድንኳኑ የምንሰማው ድምፅ ሲበላሽ ጥፋተኛ የምናደርገው ስፒከሩን ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚበላሸው ስፒከሩ ዘንድ ሳይደርስ፣ ከምንጩ የመጣውን ምልክት ቀድሞ የሚያዘጋጀው ፕሪአምፕና ስፒከሩን የሚነዳው ፓወር አምፕ ባለመመጣጠናቸው ነው። ባለመመጣጠናቸው ላይ ደግሞ ማንም ቅሬታ አያቀርብም፤ እንደ ብርታት ይቆጠራልና።

መርካቶ የድምፅ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶታል። ሻጩ ስልኩን በገመድ ይሰካል፣ የስልኩን ድምፅ እስከ ጫፍ ይከፍታል፣ ከዚያ የአምፕሊፋየሩን ቮሊዩም በሁለት ጣቱ ይዞ ከመነሻው የጥፍር ያህል ያነሳዋል። ሱቁ በዘፈን ይሞላል፤ የመደርደሪያው መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሻጩ ጣቶቹን ከማዞሪያው ሳያነሳ ወደ ገዢው ዞሮ «አየኸው? ገና እዚህ ነው፤ ይሄ ሁሉ ይቀረዋል» ይለዋል። ገዢው የቀረውን መንገድ ያያል። በዚህችው ይህን ያህል ከጮኸ ሙሉው ሲከፈት ምን ሊሆን ነው ብሎ ያስባል፤ ገንዘቡን የሚያወጣውም ለዚያ ለቀረው መንገድ ነው። በቀረው መንገድ ላይ ግን ምንም የተቀመጠ ጉልበት የለም። ከተወሰነ ቦታ በኋላ ማዞሪያውን መግፋት የሚያመጣው ለውጥ ድምፁ መቀደዱ ብቻ ነው።

አንድ አምፕሊፋየር ሁለት የተለያዩ ጠባዮች አሉት። አንደኛው ጉልበቱ ነው፤ ለስፒከሩ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ዋት። ይህን የሚወስኑት ፓወር ሳፕላዩ፣ የውፅዓት ትራንዚስተሮቹና ሙቀታቸውን የሚያወጣላቸው ብረት ናቸው። ሁለተኛው ባለሙያዎች ጌይን የሚሉት ነው፤ የገባለትን ቮልቴጅ ስንት እጥፍ አድርጎ እንደሚያወጣ የሚናገር ቁጥር። ጌይኑ ከፍ ያለ አምፕሊፋየር ወደ ጉልበቱ ጣሪያ ቶሎ ይደርሳል እንጂ ጣሪያው በዚያ ምክንያት ከፍ አይልም። የ20 ዋቱን ጌይን ከፍ አድርጎ ማዞሪያው ሩብ ላይ ሲደርስ እንዲጮኽ ማድረግ ይቻላል። የ200 ዋቱን ጌይን ዝቅ አድርጎ እስከ መጨረሻው ካልተከፈተ ጉልበቱን እንዳይጨርስ ማድረግም ይቻላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በሱቁ ዘዴ ብትፈትኗቸው የምታሸንፈው ባለ 20 ዋቷ ናት።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። 8 ኦም ስፒከር ላይ 100 ዋት ለመስጠት አምፕሊፋየሩ 28 ቮልት ግድም ማውጣት አለበት። ለቤት የሚሠሩ ፓወር አምፖች ጌይን በአብዛኛው ከ26 እስከ 29 ዲሲቤል ነው፤ 26 ዲሲቤል ማለት 20 እጥፍ፣ 29 ዲሲቤል ማለት 28 እጥፍ ነው። 28 እጥፍ የሚያባዛውን ብንወስድ 1 ቮልት ሲገባለት 100 ዋቱን ሙሉ በሙሉ ይሰጣል። አሁን ከፊቱ 5 እጥፍ የሚያባዛ ማለትም የ14 ዲሲቤል ፕሪአምፕ እናስቀምጥ፤ በገበያው እንግዳ ያልሆነ ቁጥር ነው። ምንጩ የሲዲ ማጫወቻ ይሁን፤ ከፍተኛው ድምፅ ላይ 2 ቮልት ያወጣል። 2 በ5፣ እሱ ደግሞ በ28 ሲባዛ 280 ቮልት ይመጣል። ማዞሪያው ሙሉ ከተከፈተ 28 ቮልት ብቻ ማውጣት የሚችለው አምፕሊፋየር 280 ቮልት አምጣ እየተባለ ነው። ትርፉ አሥር እጥፍ ነው፤ በዲሲቤል 20። ብዙዎቹ የቮሊዩም ማዞሪያዎች ግማሽ ላይ ሲቆሙ የሚቀንሱት 20 ዲሲቤል አካባቢ ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ያለውን ጉልበት ሁሉ የሚጨርሰው ማዞሪያው ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ነው።

ይህ እንግዲህ በ100 ዋት ስንሰማ ነው፤ ማንም ደግሞ ቤቱ ውስጥ በ100 ዋት አይሰማም። ሳሎን ተቀምጦ በደህና ድምፅ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው የሙዚቃው ከፍተኛ ቦታ ላይ 1 ዋት ቢጠቀም ነው። 1 ዋት ከ100 ዋት በቮልቴጅ አሥር እጥፍ፣ ማለትም በ20 ዲሲቤል ያንሳል፤ ስለዚህ ማዞሪያው 40 ዲሲቤል ቀንሶ መቆም ይኖርበታል። ልጆች ተኝተው ሌሊት ሲሰማ ሌላ 20 ይጨመርበትና 60 ይሆናል። የዕለት ተዕለቱ ማዳመጥ በሙሉ ከማዞሪያው የመጀመሪያ ሩብ አይወጣም ማለት ነው። ወጥ ላይ ጨው በጭልፋ የምትጨምር ሴት ቁንጥሩን መለካት አትችልም፤ እጇ ስላልሠለጠነ ሳይሆን መለኪያው ስለማይመጥን ነው። ማዞሪያውን በትንሹ ነክቶ «በዛ»፣ መልሶ «አነሰ» የሚል አድማጭም ችግሩ ያው ነው።

ይህ አለመመጣጠን ታሪክ አለው። በሸክላና በቴፕ ዘመን የሬዲዮው ቲዩነርም ሆነ የቴፑ ውፅዓት ከቮልት ክፍልፋይ ብዙም አያልፍም ነበርና፣ ብዙ አምፕሊፋየሮች 150 ወይም 200 ሚሊቮልት ሲገባላቸው ሙሉ ጉልበታቸውን እንዲሰጡ ሆነው ተነደፉ። ለዘመኑ ትክክል ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. የሶኒና የፊሊፕስ ሲዲ ገበያ ላይ ሲውል 2 ቮልት ይዞ መጣ፤ ከ150 ሚሊቮልት በ22 ዲሲቤል ይበልጣል። አምፕሊፋየር ሠሪዎች ያን ጊዜ ጌይናቸውን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው። ብዙዎቹ አላደረጉትም። በከፊል አሮጌዎቹ ምንጮች አሁንም መሰካት ስላለባቸው ነው፤ ይህን እረዳለሁ። በከፊል ግን ሱቅ ውስጥ ቶሎ የሚጮኸው ዕቃ ስለሚሸጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሙዚቃው ራሱ ስቱዲዮ ውስጥ እየታመቀ አማካይ ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ፤ ዛሬ ደግሞ በባላንስድ መስመር 4 ቮልት የሚያወጡ የቤት ዲጂታል ማጫወቻዎች የተለመዱ ሆነዋል።

ትልልቅ አምፕሊፋየር ሲነድፍ ዕድሜውን ያሳለፈው አሜሪካዊው ኔልሰን ፓስ በ2008 እ.ኤ.አ. ቢ1 የተባለውን የፕሪአምፕ ንድፉን ይፋ ሲያደርግ ምንም ጌይን አላስገባበትም። ከምንጩ የመጣውን ተቀብሎ፣ በቮሊዩም ቀንሶ፣ ገመዱንና ፓወር አምፑን ለመንዳት በሚመች መንገድ ማስረከብ ብቻ ነው ሥራው። «ፕሪአምፕ ካላባዛ ምን ይሠራል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። መልሱ ከላይ ያለው ስሌት ውስጥ ነው፤ 2 ቮልት የሚያወጣ ምንጭ 1 ቮልት ለሚበቃው ፓወር አምፕ ቀድሞውኑ ይተርፋል።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልግባ፤ እምነቱ ምንም ጉዳት ባያመጣ ኖሮ ሰው በወደደው ይመን ብዬ በተውኩት ነበር።

የመጀመሪያው ጉዳት የግራና የቀኝ መዛባት ነው። የስቴሪዮ ቮሊዩም ማዞሪያ ውስጥ በአንድ ዘንግ የሚዞሩ ሁለት ፖቴንሾሜትሮች አሉ፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ሁለቱ በፍጹም እኩል አይሆኑም። ርካሾቹን የሚሠሩ ፋብሪካዎች በሰነዳቸው የ3 ዲሲቤል ልዩነት ይፈቅዳሉ፤ ያንንም ቃል የሚገቡት በአብዛኛው እስከ 40 ዲሲቤል ቅነሳ ድረስ ላለው ክልል ብቻ ነው። ከዚያ በታች፣ እኛ ሌሊት ሌሊት በምንሰማበት ቦታ፣ ምንም ዋስትና የለም። በዐቢይ ጾም ማታ የደርዳሪውን የዓለሙ አጋን በገና ዝቅ አድርጎ የሚሰማ ሰው ይህን በጆሮው ያገኘዋል። በገና በባሕርዩ ዝግ ያለ መሣሪያ ነው። አሥሩ አውታሮች ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች የሚሰጡት ያ ንዝረት፣ ከሥሩ ዝቅ ብሎ የሚሄደው የደርዳሪው ድምፅ፣ ሁለቱም በሁለቱ ስፒከሮች መሐል ቆመው መሰማት አለባቸው። ማዞሪያው ከታች ጥጉ ላይ ሲሆን ድምፁ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ትንሽ ሲነካ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከዚያም በታች ሲወርድ አንደኛው ስፒከር ሌላው ገና እየተሰማ ዝም ይላል። አድማጩ ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ዘንድ ይወስደዋል። ጠጋኙ ከፍ አድርጎ ይሞክረዋል፤ ደህና ነው፤ ይመልስለታል። ማታ ቤት ሲገባ ችግሩ አለ። ስፒከሩም ጤነኛ ነው፣ ማዞሪያውም በተሠራለት ክልል ውስጥ ቢሠራ ጤነኛ ነበር።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፒተር ባክሳንዳል በ1980 እ.ኤ.አ. ዋየርለስ ወርልድ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ማዞሪያው ራሱ ጌይኑን እየቀየረ የሚሠራበትን መንገድ አሳይቷል። በዚያ ንድፍ ድምፁ ሲቀነስ ጌይኑም አብሮ ይቀንሳል፣ የሁለቱ ወገኖች እኩልነትም በርካሽ ፖቴንሾሜትር ይጠበቃል። መፍትሔው ከአርባ ዓመት በላይ ታትሞ ተቀምጧል። ገበያው ያልተጠቀመበት እኛ ገዢዎች ስላልጠየቅነው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ሽሽታው፣ ያ «ሽሽ» የሚለው የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ማንኛውም ፕሪአምፕ ከቮሊዩሙ በኋላ ባለው ክፍሉ ትንሽ የራሱን ድምፅ ያወጣል። ማዞሪያው ዜሮ ላይ ቢሆንም ይህ አይቀንስም፤ ፓወር አምፑ እንዳገኘው ያባዛዋል። 20 ማይክሮቮልት እንበል፤ ደህና ፕሪአምፕ ነው። በ28 ሲባዛ ስፒከሩ ላይ 560 ማይክሮቮልት ይሆናል። ስፒከሩ በ2.83 ቮልት አንድ ሜትር ላይ 105 ዲሲቤል የሚያሰማ ባለ ሆርን ከሆነ፣ ይህ ሽሽታ በዚያው ርቀት 31 ዲሲቤል ይመጣል። ጸጥ ባለ ክፍል ሌሊት በግልጽ የሚሰማ ነው። በፕሪአምፑና በፓወር አምፑ መካከል 12 ዲሲቤል ብንቀንስ ሽሽታው ወደ 19 ይወርዳል፤ ጸጥታው ይውጠዋል። ሙዚቃውን የምንሰማበት ከፍታ ግን ቅንጣት አይጎድልም፤ ማዞሪያውን በዚያው ልክ ከፍ እናደርገዋለን። ያው ዕቃ፣ ያው ስፒከር፣ አንድም ትራንዚስተር ሳይቀየር ሽሽታው በአራት እጥፍ ቀነሰ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስፒከሩ «ዱም» የሚልባቸው ቤቶችም ከዚሁ ይመደባሉ። ፕሪአምፑ ሲነሳ የሚያወጣው ግፊት በ28 ተባዝቶ ዎፈሩ ላይ ያርፋል። ፓወር አምፑ መግቢያ ላይ ሩቡ ብቻ ቢያልፍ ዎፈሩ ላይ የሚያርፈውም ሩቡ ነበር። መብራት በየሳምንቱ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በስልክ ለሚሰሙት ደግሞ ነገሩ በሌላ መልክ ይመጣል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ለሙዚቃ 15 የቮሊዩም ደረጃ አላቸው። ከስልኩ ቀጥሎ ያለው አምፕሊፋየር ጌይኑ ከልክ ካለፈ ሌሊት የመጀመሪያዋ ደረጃ ራሷ ትበዛለች፤ ከእሷ በታች ያለው ዝምታ ነው። አሥራ አምስት ደረጃ ካለው መሣሪያ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ እየተጠቀሙ «ስልኩ ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስልኩን ከፍ አድርገው አምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ቢቀንሱ አሥራ አምስቱም ደረጃ ይመለስላቸዋል።

የሠርግ ድንኳኑና የስብሰባ አዳራሹ ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ እዚያ ከልማድ አልፎ መመሪያ ሆኗል። ሞንታርቦው ቆሟል፣ ፓወር አምፖቹ ከሥር ተደርድረዋል፣ የሁሉም ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ «አምፑን መቀነስ ጉልበቱን መቀነስ ነው» ትባላላችሁ። ከዚያ ሚክሰሩን ተመልከቱ። ማስተር ፌደሩ ከታች ጥጉ ላይ ተለጥፏል፤ ከመብራቶቹ የበራችው የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ብቻ ናት፤ ድንኳኑ ግን ይጮኻል። ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ ከስፒከሩ የሚወጣው ሽሽታ ከኋለኛው ወንበር ይሰማል። ከዚያ አንድ አባት ለምርቃት ማይኩን ይይዛሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፣ ማይኩንም ከአፋቸው ራቅ አድርገውታል። ጥቂት፣ አንድ 3 ዲሲቤል ብቻ፣ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የሚክሰር ፌደር ዜሮ ከተጻፈበት አካባቢ ሰፊ መንገድ አለው፤ እዚያ አንድ ጣት ስፋት ጥቂት ዲሲቤል ነው። ከታች ጥጉ ላይ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዲሲቤል ታጭቋል። ሚክሰሩን የያዘው ልጅ ፌደሩን በጥንቃቄ ይነካዋል፤ ምንም አይመጣም። ትንሽ ይጨምራል፤ ፊድባኩ ይጮኻል፤ እንግዳው ሁሉ ጆሮውን ይይዛል፤ አባትም ምርቃቱን አቋርጠው ማይኩን ይመለከታሉ። ልጁ ይሰደባል። እኔ ያን ልጅ አልወቅስም፤ የምወቅሰው «አምፑን ሙሉ ክፈት» ብሎ ያስተማረውን እምነት ነው።

ፓወር አምፕ ላይ ያለው ማዞሪያ የጉልበት ማዞሪያ አይደለም። የሚያደርገው ወደ አምፑ ከሚገባው ምልክት መቀነስ ብቻ ነው። በ12 ዲሲቤል ዝቅ ቢደረግ አምፑ ሙሉ ዋቱን ለመስጠት ከሚክሰሩ አራት እጥፍ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ያን ካገኘ እያንዳንዷን ዋት ይሰጣል። ሚክሰሩ ደግሞ አለው። የባለሙያ ዕቃ የሥራ መስመር 1.23 ቮልት ሲሆን ከዚያ በላይ ለድንገተኛ ጩኸት የሚሆን ሰፊ ቦታ ይተዋል፤ ደህና ሚክሰር 7 ቮልትና ከዚያ በላይ ሳይቀደድ ያወጣል። ይህ ሁሉ ቦታ ባዶውን ተቀምጦ በመጀመሪያዋ አረንጓዴ መብራት ብቻ መሥራት ማባከን ነው።

ብዙ የባለሙያ ፓወር አምፖች ከኋላቸው የመግቢያ ሴንሲቲቪቲን፣ ማለትም ስንት ቮልት ሲገባላቸው ሙሉ ጉልበታቸውን እንደሚሰጡ፣ የሚመርጥ ማብሪያ አላቸው፤ በ0.775 ቮልት፣ በ1.4 ቮልት ወይም በቋሚ 26 ዲሲቤል። 8 ኦም ላይ 1000 ዋት የሚሰጥ አምፕ 89 ቮልት ማውጣት አለበት። በ0.775 ላይ ከተደረገ ጌይኑ 115 እጥፍ፣ 41 ዲሲቤል ይሆናል። ወደ 26 ዲሲቤል ሲቀየር 20 እጥፍ ይሆንና ሙሉ ጉልበቱን ለመስጠት 4.5 ቮልት ገደማ ይጠይቃል፤ ከላይ እንዳልኩት ሚክሰሩ ይህን ያወጣል። የሽሽታው ልዩነት 15 ዲሲቤል ነው። ይህ ሁሉ የሚገኘው አንዲት ትንሽ ማብሪያ በማንሸራተት ሲሆን፣ እኔ ካየኋቸው አምፖች አብዛኞቹ 0.775 ላይ ናቸው፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ቶሎ ይጮኻሉ። ዎፈሩንና ሆርኑን በተለያየ አምፕ የሚነዱ ሰዎች ደግሞ ሁሉንም አምፖች 26 ላይ ቢያደርጉ አንዱ ተበላሽቶ በሌላ ሲተካ የዎፈሩና የሆርኑ ሚዛን አይናጋባቸውም።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ማብሪያ የሌለው ፓወር አምፕ ላለው ሰው ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሬዚስተሮች ይበቃሉ። መግቢያው 47 ኪሎኦም ለሆነ አምፕ 7.5 ኪሎኦም ከምልክቱ ጋር በተከታታይ፣ ከእሱ በኋላ 2.7 ኪሎኦም ከምልክቱ ወደ መሬት ይበየዳል። የሚያልፈው ቮልቴጅ ሩብ ግድም ነው፤ 12 ዲሲቤል። ሜታል ፊልም የሚባሉት ባለ 1 በመቶ ሬዚስተሮች ለግራና ለቀኝ ከሞላ ጎደል እኩል ይሆናሉ፤ ከማንኛውም ርካሽ ፖቴንሾሜትር ይበልጣሉ። ቦታቸው ላይ ጥብቅ ነኝ፤ ከፕሪአምፑ በኩል ሳይሆን ከፓወር አምፑ በኩል፣ አርሲኤ መሰኪያው ውስጥ ወይም ከአምፑ መግቢያ ጀርባ ይሁኑ። እዚያ ሲሆኑ ገመዱ በመንገዱ የሰበሰበው «እምም» የሚል ድምፅ ሁሉ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ሩብ ይሆናል፤ የፕሪአምፑ ጫፍ ላይ ከተደረጉ ግን ገመዱ የሰበሰበውን አምፑ እንዳለ ያባዛዋል።

እዚህ ላይ ከሌላ ወገን ተቃውሞ ይመጣል፤ ጥሩ ዕቃ ያላቸው፣ ድምፅ የሚያጣጥሙ ሰዎች። «ሬዚስተር በመንገዱ ላይ መጨመር ድምፁን ያደክማል፤ ጌይን ያለው ፕሪአምፕ ሙዚቃው ላይ ሕይወት ይዘራል» ይላሉ። የሚሰሙት ነገር እውነት መሆኑን አልክድም። ምክንያቱ ግን ከፍታው ነው። የሰው ጆሮ 1 ዲሲቤል እንኳ ከፍ ያለውን «ሕያው»፣ «ጥርት ያለ» ብሎ ይመርጣል፤ ከፍ ማለቱን ሳያውቅም። ማዞሪያውን ሳይነኩ ሬዚስተሩን አስገብተው ያወዳደሩ ሰዎች 12 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ድምፅ ነው የሰሙት። ፍርዱ ትክክለኛ እንዲሆን 100 ኸርዝ የሆነ የሙከራ ድምፅ ከፍታችሁ የስፒከሩን ጫፎች በመልቲሜትር ለኩ፤ ሬዚስተሩ ሲገባ ማዞሪያውን ወደዚያው ቮልቴጅ መልሱና ከዚያ ሙዚቃውን ስሙ። ይህን አድርገውም የሚከራከሩኝን በደስታ እሰማለሁ። ደግሞም ሬዚስተር የሚፈሩ ሰዎች የቮሊዩም ማዞሪያው ራሱ ሬዚስተር መሆኑን፣ ሌሊት ሌሊትም በ60 ዲሲቤል ቅነሳ እጅግ ደካማ በሆነው ጥጉ ላይ እያሠሩት መሆኑን ማየት አለባቸው።

አንድ ተቃውሞ ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ቲዩብ ፕሪአምፕ ያላቸው ሰዎች ውፅዓቱ ላይ ያለችውን ካፓሲተር ሳያዩ ይህን እንዳይሠሩ። 0.22 ማይክሮፋራድ ከሆነች፣ 47 ኪሎኦም ስትነዳ ባሱ መውረድ የሚጀምረው 15 ኸርዝ ላይ ነው፤ ከላይ የጻፍኳቸው ሬዚስተሮች ግን ለፕሪአምፑ 10 ኪሎኦም ይሆኑበትና ባሱ ከ72 ኸርዝ ጀምሮ ይጎድላል። ሬዚስተር ድምፅ ያደክማል የሚለው ወሬ በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። 1 ማይክሮፋራድ ከሆነች በ10 ኪሎኦምም 16 ኸርዝ ላይ ስለምትቆይ ችግር የለም።

«ማዞሪያው ግማሹን ካለፈ ስፒከር ይቃጠላል» የሚለው ፍርሃት ሌላው የዚሁ እምነት ልጅ ነው። የሚያቃጥለው ማዞሪያው የቆመበት ቦታ ሳይሆን አምፑ ከጣሪያው አልፎ የሚያወጣው የተቀደደ ድምፅ ነው። ባልተመጣጠነው ሥርዓት ከግማሽ በኋላ ያለው ሁሉ እንዲያ ስለሆነ ፍርሃቱ ከልምድ የመጣ ነው። ሲመጣጠን ግን ያ ክልል በእጅጉ ይጠባል፤ ሕፃን ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ቢያዞረው እንኳ አምፑ አሥር እጥፍ አይጠየቅም። ልጆች ባሉበት ቤት ትዊተር የሚያድነው ይህ ነው።

የመጨረሻው ክርክር ከሁሉም የሚሻለው ነው፤ ዝቅ ብለው የተቀዱ ሙዚቃዎችስ? ከሸክላና ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡ የድሮ ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ ከዛሬዎቹ በጣም ዝቅ ያሉ ናቸው። ትርፉን 20 ዲሲቤል በሙሉ ብንቀንስ ማዞሪያው ጫፍ ደርሶ ድምፁ ገና ሊያንስ ይችላል። 12 ያልኩት ለዚህ ነው፤ 8 ዲሲቤል ለእነሱ ይቀራል። የእናንተ ዕቃ ግን የእናንተ ነው፤ ስለዚህ ካላችሁ ሁሉ ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ዘፈን አንሱና ልትሰሙት የምትፈልጉትን ከፍተኛ ያህል ክፈቱት። ማዞሪያው ከጫፍ በፊት ጥቂት ቀርቶት ካሰማችሁ ቁጥሩ ልክ ነው። ጫፍ ደርሶ ካነሰባችሁ 7.5 ኪሎኦሙን በ3.9 ተኩት፣ ቅነሳው 8 ዲሲቤል ይሆናል። ገና ግማሽ ሳይደርስ ከበዛባችሁ ደግሞ በ18 ኪሎኦም ተኩት፤ 2.7ቱ እንዳለ ሆኖ ቅነሳው 18 ዲሲቤል ይሆናል።